ኤርካሎ ያልጠራው ስም

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ገደማ፣ ዓመቱ 1995። ቦታው ከቦዲቲ ወጣ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበች ባለ ቆርቆሮ ክዳን ጸሎት ቤት።

ስለዚያ ቀን ሁለት ወሬ አለ። አንዱ ወገን፣ "አሳየሽን ከእርኩስ መንፈስ ያስለቀቃት ወንጌላዊ ኤርካሎ ነው፤ ቀንተው አባረሩት" ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ "መንፈሱ ቤት ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም" ይላል። ሁለቱንም የሚያወሩት በደንብ የማውቃቸው፣ ሲዋሹ ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ኤርካሎ የእናቴ ወንድም ነው። በዐይኔ ያላየሁትን ራሱ ነግሮኛል... እየሳቀ።

አጎቴ ወንጌላዊ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው። ያቺን ጸሎት ቤት ያቆማት በጭቃና በዝናብ፣ በእግሩ እየዞረ ነው። ለታመመ ይጸልያል፣ ከሐዘንተኛ ጋር ያለቅሳል። ሰውም ይወደው ነበር።

ከዚያ ሚልክያስ መጣ።

ሚልክያስ ቦዲቲ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋ ጎረምሳ ነው። ጌታን ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም። ግን እጁን ሲጭን በሽተኛ ይነሳል። አይጮህም፣ አያልበውም። እጁን ይጭናል፣ በቃ።

ኤርካሎ መጀመሪያ ላይ "ክብር ለጌታ" አለ። ከልቡ ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዲት ባልቴት ደጃፉ ድረስ መጥታ፣ "ሚልክያስ መቼ ነው የሚመጣው?" አለችው።

"እኔ ልጸልይልሽ፣ እናቴ።"

"እሺ፣ ግዴለም ጸልይ... እሱ እስኪመጣ።"

ያን ሌሊት ሚስቱ እንዳትሰማው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አጉረመረመ።

"ጌታ ሆይ፣ ለምን እሱ? እኔ የት ሄጄ ነው?"

አሳየሽን ያመጧት በዚያው ሰሞን ነው። ገና ልጅ ናት። እናቷ ቦሼ እዚያው ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጭድ አንጥፋ ታስተኛታለች። ሚልክያስ ሁለቴ ጸለየላት። ጮኸች፣ ወደቀች... መንፈሱ ግን አልለቀቃትም።

"እሁድ ጾመን እንመለስበታለን" አለ ሚልክያስ።

ሐሙስ ከሰዓት ቦሼ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ልጅቷን ብቻውን ይጠብቅ የነበረው ኤርካሎ ነው።

አሳየሽ ድንገት ቁጭ አለች።

"ጌታ ሆይ፣ ለምን እሱ?"

ድምፁ የኤርካሎ ነው። ያን ሌሊት ብርድ ልብሱ ውስጥ መሃል ላይ ያሳላት ሳል እንኳ አልቀረም።

"ዝም በል!" አለ ኤርካሎ።

"እሱ ሲያዘኝ አልወጣም።" ድምፁ ዝቅ አለ... "አንተ ስታዘኝ ግን እወጣለሁ። ሰው ሁሉ እያየ።"

"...ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም። ማደሪያ።"

ከውጭ የቦሼ ኮቴ ተሰማ።

ኤርካሎ እሺ አላለም። እምቢም አላለም።

"ዝም አልኩ" ነው ያለኝ። "ዝም ማለት ኃጢአት ነው እንዴ?"

እሁድ ደረሰ። ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ።

"በኢየሱስ ስም ውጣ!" አለ ሚልክያስ።

አሳየሽ ሳቀች።

ደግሞ አዘዘ።

አዛጋች...

ያኔ አጎቴ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ አንዴ ብቻ፣ "ውጣ" አለ።

ልጅቷ ተዘረረች። ወዲያው ዐይኗን ገለጠችና እናቷን ፈለገች። "ራበኝ" አለች።

እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። ቦሼ የኤርካሎ እግር ላይ ወደቀች። ሰዎች ሚልክያስን ገፍተው አልፈው አጎቴን አቀፉት። እንደዚያን ቀን ቀና ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ትንንሾቹን ነገሮች ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ ነው። ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ትገባና ሰው ሁሉ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህል ብርሃን ትረጫለች። እኔ ክንድ ላይ አለ። ቦሼ ትከሻ ላይ አለ።

ኤርካሎ ላይ አንድም የለም።

ይራመዳል... ብርሃኑ ይጠፋል። ሲያልፍ ተመልሶ ይበራል።

እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ አንድ ሕፃን አፍጥጦ ያያል። ኤርካሎን አይደለም... ከኤርካሎ ኋላ ያለውን ነው። ቀና ብሎ። በጣም ቀና ብሎ።

"ክብር ለ..." አለ አጎቴ እጁን ዘርግቶ። "ክብር ለ..."

አልወጣለትም።

"በል እንጂ ኤርካሎ!" አሉ ሽማግሌው ጋሽ ጦና። "ደስታ ምላስህን ዋጠው እንዴ?"

ሰው ሳቀ። ሚልክያስ ብቻ አልሳቀም። ተጠግቶት በሹክሹክታ...

"ጋሼ... ስሙን ጥራ።"

"የማንን?"

"የኢየሱስን።"

ኤርካሎ አፉን ከፈተ።

መልሶ ዘጋው።

ሚልክያስ ማልቀስ ጀመረ። "ጋሼ፣ ያጠመቅኸኝ አንተ ነህ። እባክህ ልጸልይልህ። አሁኑኑ ይውጣልህ።"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ጦናም ገባቸው።

"ኤርካሎ፣ ተንበርከክ" አሉ። "ወንድምህ እጁን ይጫንብህ።"

የአጎቴ ዐይን እንባ ሞላ። "መዳን ፈልጌ ነበር" ብሎኛል። እውነቱን ነው። ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

ግን የተዘረጋውን እጅ አየ። ቀጭን፣ መርፌ የወጋጋው፣ የልጅ እጅ። ነገ ገበያ ውስጥ የሚወራው አሁኑኑ ተሰማው።

"ኤርካሎን ራሱን ያዳነው እኮ ሚልክያስ ነው..."

ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ቀረ።

ሚልክያስ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ሰው ሁሉ ለእልልታው ስለተነሳ፣ ከኤርካሎ ኋላ ያለው አግዳሚ ባዶ ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም። ሁላችንም ግን ሰማነው... ከባድ ሰው ሊሄድ ብድግ ሲል እንደሚሆነው፣ እንጨቱ ሲጥጥ አለ።

አጎቴ ወደ ባዶው አግዳሚ ዞረ። ምእመኑ ሁሉ እየሰማው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ...

"አትሂድ" አለ። "እኔ ጋ ቆይ።"