የማይቸኩለው ዘማሪ

በዚያ ዘመን የቢቸናና የሞጣ ስልክ ቤቶች በየጠዋቱ ተጠራርተው መስመሩ በሰላም ማደሩን ሳያረጋግጡ ሥራ አይጀምሩም ነበር። ደንቡ ስም አያስጠራም። የቢቸና ተረኛ «ቢቸና» ናት፤ የሞጣ ተረኛ «ሞጣ» ነው፤ አለቀ። በዚህ የተነሳ ሀብትነሽ ወልደ ኪዳን በፍቅር ስትያዝ የሰውየውን ስም ገና አልሰማችም ነበር።

«ሞጣ፣ ሞጣ! ቢቸና ነኝ። ይሰማል?»

«ይሰማል። ቢቸና እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት። ሞጣስ?»

«ሞጣ አኩርፋለች። ትናንት ሳትሰናበቺ ዘጋሽባት።»

«አስተዳዳሪው መስመር ፈልገው ነው እኮ!»

«አስተዳዳሪ ያልፋል። ሞጣ ግን ነዋሪ ናት።»

እንዲህ ያለ ቀልድ በስልክ መቀለድ ያኔ ያስጠይቅ ነበር። ሀብትነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ደግነቱ ሳቅ በስልክ ቤት ደንብ ውስጥ አልተጠቀሰም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምህረት ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት ሞጣን ስትጠራ ሞጣ አልመለሰም። በሰው ድምፅ ፋንታ መዝሙር መጣ። የማታውቀው ቋንቋ ነው፤ ከመሐሉ የማርያምን ስም ብቻ ለየች። ወንድ ነው የሚዘምረው፤ ግን ድምፁ ከተለመደው የወንድ ድምፅ በላይ ወጥቶ እዚያው ይቆያል፤ መሰላል የወሰዱበት ይመስል አይወርድም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ሲያበቃ።

«የመስመር ፍተሻ ነው» አለ ሞጣ ኮስተር ብሎ። «ቀጭኑንም ወፍራሙንም ያሳልፍ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

ቆይቶ እውነቱን ነገራት። አባቱ ነጋዴ ናቸው። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲገዙ፣ ቴፑ ውስጥ ካሴት ተረስቶ ተገኘ። በካሴቱ ላይ ሦስት ሰዎች አንዱኑ መዝሙር በየተራ ይዘምራሉ። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ውሃ ነክቶት ጠፍቷል። አስተማሪው ግን፣ በዓለም ላይ እነሱን የሚያህል የለም ይል ነበር አሉ።

«እንዲህ ያለውን ድምፅ ፈረንጆቹ ቴኖር ይሉታል» አላት። «ወንድ ሆኖ ከፍ አድርጎ የሚያዜም።»

«እኛ ቤት ዲያቆን ይባላል» አለች ሀብትነሽ።

እውነቷን ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የዜማ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ያለ እናት አሳደጓት፤ ግቢው በተማሪ የተሞላ ስለነበር ያለ ጸጥታም ጭምር ነው ያደገችው። የትኛው ተማሪ እንደተሳሳተ፣ የትኛው እንደራበው ጓዳ ሆና በድምፁ ታውቃለች።

እናም የሁለቱ ክርክር ጀመረ። በየጠዋቱ፣ መስመር ጠያቂ ሳይመጣ፣ ሞጣ ቴፑን ከስልኩ አፍ ላይ ያስጠጋል፤ ቢቸና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

«የመጀመሪያው፣ ድምፁ ያማረ መሆኑን ሰው ነግሮታል» አለች።

«ሁለተኛውስ?»

«ያለቅሳል። ግን ቀና እያለ እያየነው መሆኑን ያጣራል።»

«አይ ቢቸና! ለሰው አታዝኚም። ሦስተኛውስ?»

ማዳመጫውን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሦስተኛው እኛን ረስቶናል» አለች በመጨረሻ። «አይቸኩልም። ቃሉን አፉ ውስጥ አሳድሮ ነው የሚያወጣው። በእኛ ዜማ የመጀመሪያው ግዕዝ ነው፤ ደረቅና ቀጥ ያለ። ሁለተኛው አራራይ ነው፤ ሆድ ያባባል። ይሄ ግን ዕዝል ነው። ረጋ ብሎ፣ ከበድ ብሎ።»

«እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው» አለ ሞጣ። «ትንፋሹን ተመልከቺለት። ቃል መሐል አይተነፍስም። እኛ ዘንድ ቃል ቆርጦ መተንፈስ ነውር ነው።»

«እኛ ዘንድ» ሲል የሞጣን ሰው ማለቱ መሰላት። የሞጣ ሰው እንዲህ ጥንቁቅ መሆኑን አላውቅም ነበር ብላ አደነቀች።

አንድ ቀን ሦስተኛው ዘማሪ መሐል ላይ ሳለ አንድ ካድሬ መስመሩ ውስጥ ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማነው የሚጮኸው?»

«የመስመር ፍተሻ ነው፣ ጓድ» አለ ሞጣ።

ካድሬው እስኪያልቅ ሰማ። «መልካም ነው። ይቀጥል» ብሎ ዘጋ። ያንን ሳምንት ሁለቱ በሳቅ አሳለፉት።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሀብትነሽ እንደ ወጉ ጠየቀችው። «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

ሞጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሞጣ?»

«ቢቸና... እኔ የምጾመው ሌላ ወር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስሜን ጠይቀሽኝ አታውቂም። አብዱልዋሂድ እባላለሁ።»

ሀብትነሽ ማዳመጫውን እንደያዘች ቀረች። ስንት ነገር ነው ባንዴ ቦታ ቦታውን የያዘው! «እኛ ዘንድ» ያለው የቁርአን ንባብ የትንፋሽ ደንብ መሆኑ፣ ኅዳር ላይ ስለ መዝሙሩ ማርያም ሲያወራ «እመቤታችን» ሳይል፣ ግን እንደ ቤተሰብ አክብሮ የሚጠራበት አኳኋን።

«መስመሩ ተቆረጠ?» አለ።

«አልተቆረጠም።»

«ምን ሆነሽ ነው ታዲያ?»

«እያሰብኩ ነው። ዓርብ ዓርብ ቀትር ላይ የምትጠፋው...»

«ለሶላት ነው።»

«እኔ ምሳ የሚረዝምብህ መስሎኝ!»

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተለውጦ እንባ ሆኖ ወጣ።

«ሀብትነሽ እባላለሁ» አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አውቃለሁ። ከኋላሽ ሰው ሲጠራሽ ሰምቻለሁ። አንቺ እስክትሰጪኝ ብዬ ነው ያልጠራሁሽ።»

እንዲያ ጠብቆ ያቆየውን ስም ያን ቀን ደጋግሞ ጠራው። ስሟ እንደዚያ ሲባል ሰምታ አታውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ሊያገባት እንደሚፈልግ ነገራት። «ማዘጋጃ ቤት ሄደን መፈረም እንችላለን። መንግሥት አይከለክልም።»

«መንግሥትን አይደለም የምፈራው» አለች። «አባቴ እሺ ይበሉኝ። እሳቸው ካላሉ አልሆንልህም። ግን አባቴ ጆሮ ያለው ሰው ይወዳሉ። ካሴቱን ይዘህ ና። መጀመሪያ ይስሙህ፤ ከዚያ ስምህን ንገራቸው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ገበያው በእህልና በከብት በተጨናነቀ ሰዓት፣ አብዱልዋሂድ ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ሀብትነሽ ረጅም ሰው ስትፈልግ አልፋው ልትሄድ ነበር።

«ቢቸና» አለ ከኋላዋ።

ዞረች። አጠር ያለ፣ ዓይኑ የሚስቅ፣ አቧራ የለበሰ ወጣት ነው። በየቀኑ ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች እንደ እንግዳ አፈሩ።

«ድምፅህ ረዘም ያለ ነው» አለች።

«ቢቸና እንዲህ ማማሯን ደግሞ ማንም አልነገረኝም» አለ መሬት መሬት እያየ።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን እንግዳቸውን ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሀብትነሽ ቆሎና ብርዝ አቀረበች። ቤት ውስጥ ጠላ እያለ የማያሰክረው ብርዝ ብቻ መቅረቡን አባቷ አስተዋሉ።

አብዱልዋሂድ ቴፑን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዘመረ። መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። «ደስ ይላል። እሱ ግን ከእኔ ይበልጥ ደስ ብሎታል» አሉ።

ሁለተኛው ሲጀምር ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ። የእመቤታችን ስም በዜማ ሲጠራ ተቀምጠው ሰምተው አያውቁም፤ የመጀመሪያውን ጊዜ ስላልለዩት ነው እንጂ ያኔም ይነሡ ነበር። እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከድነው ቆሙ። «ይሄ ሰው ትንፋሹን ያውቃል። ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ ያስተማረውን ግን ነፍሱን ይማር።»

ሀብትነሽ ሦስተኛውን ትጠብቅ ነበር። አባቷ የሷን ሰው ሲሰሙ ሌላው ሁሉ ይቀልላል ብላ አምና ነበር።

ሦስተኛው መጣ። ግን እሱ አይደለም። ቀጠን ያለ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ቃሉን ከአፉ የሚያባርር ሰው ነው። ሌላ ሰው። ሳትሰማው አለቀ።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ይሄ ተማሪ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ቀለቡን ሊለምን የሚሮጥ።»

ሀብትነሽ አብዱልዋሂድን አየችው። እሱም አያት። «የባትሪ ድንጋዩ አዲስ ነው» አለ ዝቅ አድርጎ።

መሪጌታ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ጆሮህ ደህና ነው። ከሦስቱ ማንን ትመርጣለህ?»

«ሁለተኛውን።»

«እኔም። ስምህን ማን ልበል?»

ነገራቸው። ግቢ ውስጥ አንድ ተማሪ ያነበንባል፤ ተሳሳተ፤ መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያርሙት አለፉ።

«ልጄን ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ስማኝ። አንተ ላይ አንድም የምነቅፈው አላየሁም። እሷንም አስሬ አላስቀምጣትም። ግን ልጁ ከሌላ ሃይማኖት ያገባችበት መሪጌታ ማኅሌት መምራት አይችልም። ያን ዕለት መቋሚያዬን አስረክቤ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ። እነዚህ ተማሪዎችም ይበተናሉ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እምቢ አላልኩሽም፣ ሀብትዬ። የሚሆነውን ነው የነገርኩሽ።»

ሳይቆጡ ነው የተናገሩት። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ በቁጣ ላይ ማመፅ ይቻላል።

ሁለቱ ወደ አውቶቡሱ ሲሄዱ ገበያው እየተበተነ ነበር።

«ሦስተኛውን ምን አድርገህብኝ ነው?» አለች ድንገት።

«ምንም። መጀመሪያ ቀን እሱ ጋ ሲደርስ የቴፑ ድንጋይ ደክሞ ነበር፤ ለዚያ ነው የዘገየውና የወፈረው። በማግሥቱ አዲስ ድንጋይ አድርጌ ብቻዬን ስሰማው ዛሬ የሰማሽው ሰው ወጣ። አንቺ ደግሞ ያኛውን ወደሽዋል።»

«ታዲያ ከኅዳር ጀምሮ?»

«ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቅ ውስጥ ዘፈን እያጫወትኩ ድንጋዩን አደክመዋለሁ። ከመጠን በላይ ሲደክም እንዲበረታ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ጠዋት ለሁለቱ አዲሱን፣ ለሦስተኛው አሮጌውን እቀይራለሁ። ልክ አንቺ በወደድሽው ላይ ለማምጣት ብዙ ደክሜያለሁ። ለአባትሽ ግን እንደዚያ ማድረግ አልቻልኩም። ስሜን ሊጠይቁኝ ነውና፣ ሁሉም እውነት ይሁን ብዬ ነው።»

ሀብትነሽ ቆመች። በሕይወቷ የሰማችው ታላቁ ዘማሪ በዓለም ላይ የለም። የሠራላት ይሄ አጭር ሰው ነው። ያን ጊዜ ይበልጥ ወደደችው፤ ያን ጊዜም መልሱን አወቀች።

«አባቴን አላስወጣቸውም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ። «እናቴም ስታለቅስ ነው የመጣሁት።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አብዱልዋሂድ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሀብትነሽ ውጭ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሀብትነሽ!»

«ዝም በል። እስከ ደብረ ወርቅ ነው። አክስቴ እዚያ ናት፤ ነገ እመለሳለሁ።»

አውቶቡሱ በጠጠሩ መንገድ ይንገጫገጭ ጀመር። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን አዩ። ያወሩት ተራ ነገር ነው፦ ቤት ቢሠሩ በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ ልጅ ቢወልዱ ማን እንደሚቆጣው። እሱ «እኔ አልቆጣም» አለ፤ እሷ «እንግዲያ እኔ ልሆን ነዋ ክፉዋ!» ብላ ከልቧ ተቀየመችው፤ ታረቁ። ከፊታቸው የተቀመጡ፣ ዶሮ የታቀፉ እናት ዞረው አዩአቸው።

«ባልሽ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ» አለች ሀብትነሽ።

«ያኑርላችሁ።»

«አሜን» አሉ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ተነሣች። እጁን ለቀቀች። እናትየው ደነገጡ። «ምነው፣ ባልሽን ጥለሽ የት ነው?»

ወረደች። አውቶቡሱ ወደ ሞጣ ሲታጠፍ በመስኮቱ የፊቱን ጎን አየችው፤ አልዞረም፤ እንባውን እንዳታይበት መሆኑ ገባት።

ሀብትነሽ ከዓመታት በኋላ ደግ ሰው አገባች፤ ልጆችም ወለደች። ዛሬ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ትዳር ሲጫወቱ ስንት ጊዜ እንዳገባች ቢጠይቋት «ሁለት ጊዜ» ትላለች።

«የመጀመሪያው ምን ሆነ?»

«ደብረ ወርቅ ላይ ተለያየን።»

ሰዎች የመጀመሪያው ባሏ የደብረ ወርቅ ሰው ይመስላቸዋል። አታርማቸውም።