ባለ ዣንጥላው ዳኛ ዝም ያለበት ቦታ

«መምህር ቱ ሞቱ» ተብሎ ሲደወልላት መርማሪ ሊያው ጉልበቷ ላይ ትኩስ ፎጣ ጣል አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጡረታዋ ተቃርቧል፤ ከእንግዲህ ሬሳ ላለማየት ለራሷ ቃል ከገባችም ሰንብታለች። ነገር ግን የታይዋኗ ሁዌይ ከተማ ተወላጅ ሆኖ መምህር ቱ ሞቱ ሲባል ቁጭ የሚል የለም። በየቤቱ ቴሌቪዥን ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው፣ የወረቀት ዣንጥላ ይዞ ፍርድ የሚሰጠው ዳኛ፣ የእንጨት አሻንጉሊቱ፣ ድምፁ የእሳቸው ነበር። የሌባውም፣ የልዕልቷም፣ የሰካራሙም ድምፅ የእሳቸው ነበር። አገሩን በሙሉ ያሳደገው ያ አንድ ጉሮሮ ነው። ሊያው ፎጣውን አንስታ ጫማዋን ፈለገች።

የአሻንጉሊት ቡድኑ ግቢ ስትደርስ ድግሱ እንደተደገሰ ነበር። ባለ ዣንጥላው ዳኛ ከቴሌቪዥን ወጥቶ በሲኒማ ሸራ ሊታይ ነውና ለፊልሙ ቀረጻ ማስጀመሪያ ሥርዓት ጠረጴዛው ላይ አናናስ ተከምሯል፤ ካሜራው ቀይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ የመድረክ ሰዎች በሚያመልኩት አምላክ ምስል ፊት ሁለት የአረቄ ጽዋዎች ተቀምጠዋል። ሊያው ጽዋዎቹን አየት አድርጋ አለፈች። በልጅነቷ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ይህን ሥርዓት ስታይ የሚቀመጠው አንድ ጽዋ ነበር። አረቄውን በጽዋው የሚቀዳውም ለአሻንጉሊቶቹ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ብቻ ነው።

ሳጅን ሆንግ የመቅረጫውን ክፍል በር ከፈተላት። መምህር ቱ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ የብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደም አለ።

«ወደቁ እንዳልል የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሷል» አለ ሆንግ። «አንድ ሰው ደረታቸውን ይዞ ገፍቷቸዋል። ሐኪሙም ‹ቀዝቅዘዋል፤ ድምፃቸው ተሰማ ከምትሉት ሰዓት በፊት ሳይሞቱ አይቀሩም› ይላል። ግን እንዴት ይሆናል? ሴት ልጃቸው ሲናገሩ ሰምታለች።»

ሊያው ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ያለውን ፔርሙስ ከፈተችው። የጉሮሮ ሻያቸው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ኩባያውም ደረቅ ነው። ወንበሩ ላይ ዳኛው ተቀምጧል፤ ዣንጥላው ጭኑ ላይ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ።

«የቀረጹት ነገር አለ?»

«ምንም። መሣሪያው ባዶ ነው።»

መጀመሪያ ያነጋገረቻት የሟቹን ልጅ ሱዬንን ነው። ሱዬን የአሻንጉሊቶቹን ልብስ የምትሰፋ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሚጠጋ ሴት ናት። የስፌት ክፍሏ ከመቅረጫው ጋር የሚጋራው ስስ ግድግዳ ነው። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን አሁንም የአንድ ትንሽ ካባ እጅጌ ይሰፋ ነበር።

«ያገኘኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቀዩ መብራት በራ። እሱ ሲበራ ቤቱ ቢቃጠልም ማንም አይገባም። የመሰናበቻውን ትዕይንት ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ዕጣኑ ሊለኮስ ሲል ልጠራቸው ብገባ...»

«የዳኛውን ፊት ማን ሸፈነው?»

«ስገባ ተሸፍኗል።»

በር ላይ የቆመው፣ ከታይፔ የመጣው የፊልሙ ዳይሬክተር ኬ ጣልቃ ገባ። «ለበዓሉ መስሎኝ ነበር። ካሜራውም ተሸፍኖ የለ?»

«ካሜራው ሊገለጥ ነው የተሸፈነው» አለችው ሱዬን። «በቤት ሰው ሲሞት ነው አምላኩ ሞትን እንዳያይ የምስሉን ፊት የምንሸፍነው።»

«እሱማ በእኔም ቤት ይደረጋል። ግን ለአሻንጉሊት?»

«እዚህ ቤት ለዳኛውም ይደረጋል።»

 ዳይሬክተሩ የመጣው ሊከበር ነበር፤ የቀረለት የተደናገጠ እንግዳና የአናናስ ክምር ነው። ከሰዓቱን ሁሉ ከእንግዶቹ መካከል እንዳልተለየም ግቢ ሙሉ ሰው መስክሮለታል።

የሱዬን ወንድም ጁንካይ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሊያው ስታነጋግረው ስልኩን በመዳፉ ያገላብጥ ነበር።

«ከአባትህ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? መምህር ነኝ የሚል ሁሉ በምላሱ ይገርፍሃል። እሳቸው ደግሞ አለንጋ ነበሩ።»

«በምን ነበር ጠቡ?»

ጁንካይ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ጉሮሯቸው አልቆ ነበር፣ እሜቴ። ሲያልቅ አያምር። ዓመት ሙሉ የልዕልቷን ድምፅ ሲያወጡ ደም ሊተፉ ይደርሱ ነበር። ስለዚህ የድሮውን ቅጂ ሁሉ ሰብስቤ ድምፃቸውን ለኮምፒውተር አስተማርኩት። የሁሉንም ገጸ ባሕርይ። ፊልሙ በዚያ ድምፅ ይሠራ አልኳቸው።»

«እና ምን አሉ?»

«ሳቁ። እሺም እንቢም ሳይሉ ሳቁ።»

ሳጅን ሆንግ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ፊቱ በርቷል።

«አለቃ፣ አለቀ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ዳይሬክተሩም፣ አሻንጉሊት ያዡ አኪትም፣ ሱዬንም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። ጁንካይ ብቻ ስልክ ሊያወራ በር ድረስ ሄዷል። ድምፁ የሽማግሌው ከነበረ ከዚያ በኋላ ገብቶ ገደለ። ሞተው ከነበረም ኮምፒውተሩን ከፍቶ አዘናጋን። በየት ቢዞሩ ልጁ ነው።»

«ዛሬ ልታስረው ነው?»

«ሌላ ማን አለ?»

ሊያው ወደ አሻንጉሊቶቹ መጋዘን መራመድ ጀመረች። ጁንካይ ከታሰረ ፊልሙ ይቀራል፤ የዳኛውም ድምፅ ከአባትየው ጋር ይቀበራል። ያ ድምፅ ለእሷም አንድ ነገር ነበር። አባቷ ጥሏቸው በሄደ ዓመት ዳኛው «እውነት ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም» ሲላት ያመነችው እሱን ነው። አሁን ግን ሠላሳ ዓመት እውነትን ስታሳድድ ኖራ እግሯ ብቻ ነው የቀረላት፤ እሱም ያማታል።

አኪት አሻንጉሊቶቹ የሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ ነበር። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው ነው። ልዕልቷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፀጉሯን ያበጥራል። ከኋላው ወደ መቅረጫው የሚያስገባ ትንሽ በር አለ።

«ዳኛውን መያዝ መቼ ጀመሩ?»

«ፂሜ ሳይበቅል።»

«ይከብዳል?»

«እጅ ይለምዳል። የማይለምደው ትከሻ ነው።»

«ድምፁን እንዴት ይከተሉታል?»

«መጀመሪያ መምህር ይቀርጻሉ። ከዚያ ቅጂው ይከፈትና እኔ እሠራለሁ። ዳኛው ሲናገር አንቀሳቅሳለሁ፤ ሌላው ሲናገር እጄን አሳርፋለሁ። ሌላውን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ሥራዬ ይኸው ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።»

«ዛሬ ድምፁ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ወደ ጠረጴዛው የሚወጡትን አሻንጉሊቶች አለብስ ነበር።»

«ከእንግዲህ ዳኛውን ማን ይናገራል?»

አኪት ማበጠሪያውን አስቀመጠ። «የጁንካይ ማሽን ይባላል። ማሽን ትከሻው አያመውም።»

ይህን ያለው በስስ፣ ትንሽ በታፈነ ድምፅ ነው። ሊያው ደክሟት እዚያው ሣጥን ላይ ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ሱዬን ተመለሰች።

«የሰማሽውን ትዕይንት እንዳለ ንገሪኝ። ቃል በቃል።»

«ዳኛው ለማደጎ ልጁ ዣንጥላውን የሚሰጥበት ነው። ‹ፍርዱን ሰጥቻለሁ፤ ዣንጥላውን ያዢ› ይላታል። እሷ ‹አንተስ አባቴ?› ትለዋለች። እሱ ደግሞ ‹እኔ ዝናቡን ለምጄዋለሁ› ይላል።»

«የልጅቷን ቃል እንዴት አድርገው አሉት? ጉሮሯቸው ታሟል እኮ።»

 የሱዬን መርፌ አየር ላይ ቀረ።

«የልጅቷን ቃል አላሉትም» አለች። «እዚያ ቦታ ላይ ዝም አሉ። እኔ ነኝ በልቤ ‹አንተስ አባቴ?› ያልኩት። ጉሮሯቸውን እያሳረፉ ነው ብዬ አዘንኩ።»

«ከዚያስ?»

«ዝምታው ልክ እኔ ተናግሬ እስክጨርስ ነበር። ከዚያ ‹እኔ ዝናቡን ለምጄዋለሁ› አሉ።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጠረጴዛው ላይ ለምን ሁለት ጽዋ አለ?»

«ጠዋት አባቴ ሁለት አድርጊ አሉኝ። ሁለተኛው የማን ነው ብላቸው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ታያለሽ አሉኝ። ለዳይሬክተሩ መስሎኝ ነበር።»

ሊያው እጇን ሱዬን ትከሻ ላይ አሳረፈች። አሁን ሁሉንም አውቃ ነበር፤ ማወቋ ግን አላስደሰታትም።

ሁሉንም አናናሱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። «መቆም አልችልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለችና ወደ ጁንካይ ዞረች። «ያንን ማሽንህን አምጣውና የመሰናበቻውን ትዕይንት አሰማን።»

ጁንካይ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የሟቹ ድምፅ በግቢው ተሰማ፤ አንዳንዱ ፖሊስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ፍርዱን ሰጥቻለሁ፤ ዣንጥላውን ያዢ።» ወዲያው ያ የታወቀው ቀጭን የልጅ ድምፅ ተከተለ፦ «አንተስ አባቴ?» «እኔ ዝናቡን ለምጄዋለሁ።»

«ሱዬን፣ በግድግዳው የሰማሽው ይህንን ነው?»

«አይደለም። ይኼ አያርፍም።»

«አያርፍም» አለች ሊያው። «ማሽኑ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚለው። መምህር ቱም እንደዚያው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ሲመልሱ ነው የኖሩት። ዛሬ በግድግዳው የተሰማው ግን ዳኛውን ብቻ ተናገረ፤ የልጅቷ ተራ ሲደርስ ዝም ብሎ ጠበቀ። ስለዚህ መምህሩ አልነበሩም። ሻያቸውን ሳይቀምሱ ቃል አይናገሩም፤ ፔርሙሱ ደግሞ ሙሉ ነው። በዚያ ሰዓት መሬት ላይ ወድቀው ነበር። ማሽንም አልነበረም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ሆንግ።

«የዳኛውን ፊት የሸፈነው ሰው ነዋ። የተናገረው በዚያ ቀይ ጨርቅ ፊት ነው። ዳኛው ሞትን እንዳያይ የሚሳሳለት፣ ድምፁን ከሚስቱ ድምፅ ይልቅ የሚያውቅ፣ ሌላው ሲናገር ግን እጁን የሚያሳርፍ ሰው። መብራቱን አብርቶ እንደ መምህሩ ተናገረ፤ መብራቱን አጥፍቶ በመጋዘኑ በኩል ወጣና አሻንጉሊቶቹን ታቅፎ ከሰው ተቀላቀለ። መምህሩ የሞቱት እሱ ከሰው ጋር ሳለ ነው እንዲባል ነው።» ሊያው ቀና አለች። «አቶ አኪት፣ ማሽኑ ሲናገር እኔ እጅዎን ነበር የማየው። ‹ዣንጥላውን ያዢ› ሲል ቀኝ እጅዎ ተነሣ። ልጅቷ ስትናገር አረፈ። ‹ዝናቡን› ሲል ደግሞ ተነሣ። አሁንም እንዳልወረደ ይዩት።»

አኪት አየር ላይ ተነሥቶ የቀረውን እጁን ተመለከተ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ጠርተውኝ ነው የገባሁት» አለ። «‹ተናገር እስቲ› አሉኝ። ተናገርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በልቤ ስለው የኖርኩትን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊታቸው አወጣሁት። ጨርሰው ሰሙኝና ‹አንተ በሠላሳ ዓመት ያልተማርከውን የልጄ ማሽን በሳምንት ተማረው፤ እንጨቱ ዳኛው ሳይሆን አንተ ነህ› አሉኝ። ያዝኳቸው። መግደል አላሰብኩም። ይዤ ወዘወዝኳቸው፣ ወደቁ። ስጠራቸው አልመለሱም።»

ጁንካይ ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ያ ስድብ እኮ ምርቃታቸው ነበር» አለ። «ለእሳቸውም መምህራቸው ድምፁን ያወረሷቸው ቀን ‹ከአንተ ዝንጀሮ ይሻላል› ብለዋቸዋል። ሲስቁ ነበር የሚያወሩት። አልነገሩህም?»

«ለእኔ ስቀው አያውቁም» አለ አኪት።

ሱዬን ከአምላኩ ፊት ሁለተኛውን ጽዋ አንስታ ወደ አኪት ሄደች። ባዶ ነበር። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ ጠዋት አባቴ ሁለት አድርጊ አሉኝ። በዚህ ጠረጴዛ አረቄ የሚቀዳው ድምፅ የሚሰጥ ብቻ ነው። ይኼ ያንተ ነበር፣ ጋሼ አኪት።»

 አኪት ጽዋውን እንደያዘ አናናሶቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሱዬን» አለ፤ «ይቅር በይኝ።»

የወጣው ግን የዳኛው ድምፅ ነበር፤ ሙሉ፣ ረጋ ያለ፣ ሊያው በልጅነቷ ያመነችው ያው ድምፅ። ከማሽኑ ይበልጥ ያው ነበር። ዳይሬክተሩ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

ሱዬን ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «በአባቴ ድምፅ አይደለም» አለች። «በራስህ ንገረኝ።»

አኪት አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ በራሱ ድምፅ ግን ምንም ቃል አልወጣም። ሆንግ ካቴናውን ይዞ ቢጠጋም ሊያው እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ልክ ተራዋን እንደምትጠብቅ አሻንጉሊት ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀው። ሲመሽ፣ አኪት ምንም ሳይናገር ተነሥቶ እጆቹን ሰጠ።