ከሳጥኑ የማይወጣ ቁልፍ

«እንዳይነኩት!»

አትናቴዎስ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ከበቅሎዋ ላይ ሊያወርድ የነበረው የጫማ ካርቶን የሚያህል የብረት ሳጥን ነው። የጮኸችው ልጅ የመንዝ ብርድ ጠንቶባት በተዋሰችው ባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ ተጠቅልላለች። የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነበር። ያ ዓይን ግን... አትናቴዎስ በቅሎዋንም ሳጥኑንም ረሳ።

«ይቅርታ ዲያቆን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከወደቀ የያዘውን ስለሚያጠፋ ደንግጬ ነው።»

«ምን ይዞ ነው?»

«ቁልፍ።»

ጽናት ትባላለች። ወላጆቿ መርሐቤቴ ውስጥ ዓለም ከተማ ይኖራሉ፤ እሷ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። አትናቴዎስ ወደሚያገለግልበት ገዳም ያመጧት የብራና መጻሕፍቱ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ወንጌል ከዕቃ ቤቱ ተሰርቆ ባሕር ማዶ ሲሸጥ፣ ገዳሙ «የእኔ ነው» ብሎ ማስረዳት አቅቶት ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ተነሥቶ በዲጂታል ማኅተም ይታተማል። ማኅተሙን የሚያትመው፣ ቁልፍ የሚባለው ምስጢራዊ ቁጥር ያለው በዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

አትናቴዎስ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነው። ከእሱ በፊት ጠባቂው አባቱ ነበሩ፤ ወንጌሉ የጠፋውም በእሳቸው ጊዜ። ፊት ለፊት ሌባ ያላቸው የለም። ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነበርና፣ ሲያልፉ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ነበር። እንደተጠረጠሩ ሞቱ።

ሥራው ተጀመረ። እሱ ብራናውን በቀስታ ይገልጣል፤ እሷ ፎቶ ታነሣለች። እየዋለ እያደረ እርስዎ መባባሉ ቀረ።

«እስቲ ቁልፉን አሳዪኝ» አላት አንድ ከሰዓት።

«እኔም አይቼው አላውቅም።»

«አንቺ ራስሽ?»

«ማንም። የፈጠረው ሳጥኑ ራሱ ነው፤ ተገልጦም ከውስጡ አይወጣም። ሌሎች ጽፈውት ብዙ ሰው የመረመረው የምስጠራ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የፕሮግራም ስብስብ፣ አለ። የእኔ ፕሮግራም ከሳጥኑ ጋር የሚነጋገረው በእሱ በኩል ነው። የገጹን አሻራ፣ ከፎቶው የተሰላውን አጭር ቁጥር፣ እንልክለታለን፤ እሱ ያትምና ማኅተሙን ብቻ ይመልሳል። ልስረቀው ብል እንኳ አልችልም።»

ከዚያ አንድ የታተመ ፎቶ ከፈተችና ከመዝሙረ ዳዊቱ ገጽ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አጠፋች። ዓይን የማያስተውላት ነጥብ ናት። ኮምፒውተሩ ግን ወዲያው «ማኅተሙ አይዛመድም» አለ።

አትናቴዎስ አፉን በእጁ ያዘ። ከልጅነቱ ጀምሮ በመቅደሱ መጋረጃ ውስጥ አገልግሏል። በማይታይ ነገር ፊት እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ዓይነት ጥበብ ሰጥቶናል...» አለ። ቀና ሲል ጽናት የምታየው ሳጥኑን ሳይሆን እሱን ነበር። ሁለቱም ቶሎ ወደ ብራናው አቀረቀሩ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን ልቡን ሰበረው። ሳጥኑ ቢጎዳ መተኪያ እንዲሆን፣ ሳጥኑ ራሱ መስጥሮ ያወጣው የቁልፉ ግልባጭ ተቀምጧል፤ ግልባጩ የሚከፈተው በሌላ ሳጥን ውስጥ ሦስት ካርዶች ሲገናኙ ብቻ ነው። ጽናት አንዱን ካርድ ለገዳሙ አስተዳዳሪ ለየኔታ ኪዳነ፣ አንዱን ለእማሆይ ወለተ ኢየሱስ፣ አንዱን ለቄስ አፈወርቅ ሰጠች። ለእሱ ግን ምንም።

የአባቱን ታሪክ ሰምታለች ማለት ነው፤ ስለዚህ አላመነችውም።

«አመመህ እንዴ?» አለችው በማግስቱ።

«ደህና ነኝ። እርስዎ ይቀጥሉ።»

«እርስዎ?»

ብራናውን ገልጦ ፎቶ እስክታነሣ ጠበቀ።

እሷ ለሥራ በአቅራቢያው ወዳለችው ቀየት ከተማ በሄደችበት ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ንፋሱ ፎቶ የሚያነሡበትን ቤት ቆርቆሮ ነቅሎ ወሰደው። አትናቴዎስ መጻሕፍቱን አሽሽቶ ለሳጥኑ ተመለሰ። አቅፎት ሲሮጥ ጭቃው አዳለጠው፤ ሳጥኑ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ክዳኑ ተሰነጠቀ። ቀይ መብራት በራ። ቁልፉ ጠፍቶ ነበር።

ጽናት ስትመለስ ካህናቱ ተሰብስበው ጠበቋት።

«በአባቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር» አሉ ቄስ አፈወርቅ። «ጠፋ ተባለ፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም።»

አትናቴዎስ መሬት መሬቱን ያያል። የጽናት ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አባቴ፣ የተወሰደ ነገር የለም። ይህ ሳጥን ሲከፍቱት ቁልፉን ለማንም አይሰጥም፤ ያጠፋዋል። የተሠራው ለዚያ ነው። ዲያቆን ሊሰርቅ ቢፈልግ እንኳ አይችልም ነበር። መጻሕፍቱን ከዝናብ ያዳነው ደግሞ እሱ ነው።»

ቄስ አፈወርቅ ጎንበስ ብለው የተሰነጠቀውን ክዳን አዩ። ጽናት ወደ አትናቴዎስ ዞረች።

«ካርድ ያልሰጠሁህ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኸኝም።»

«ምን ብዬ ልጠይቅ...»

«በየቀኑ በሳጥኑ የሚሠራ ሰው ካርዱን መያዝ የለበትም። እኔም አልያዝኩም። አንድ ነገር ቢጠፋ በአባትህ ላይ እንደተጠቆመው ጣት፣ በአንተ ላይ እንዳይጠቆም ነው። ከጥርጣሬ ልጠብቅህ ብዬ ነበር፣ አትናቴዎስ።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዓይኑ እንባ ሞላ። አልጠረገውም።

ሌላ ሳጥን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ ጽናት የተመሰጠረውን ግልባጭ ጫነችበት። የኔታ ኪዳነ አማተቡና ካርዳቸውን አስገቡ። እማሆይ ተከተሉ። በመጨረሻ ቄስ አፈወርቅ ሦስተኛውን ጨመሩ። ሁሉም ወደ ሳጥኑ ተጠጋ። አረንጓዴ መብራት በራ። ጽናት የአዲስ ገጽ አሻራ ልካ ማኅተም አስደረገችበትና በፊት በነበረው ማረጋገጫ መረመረችው፤ ተዛመደ። ያው ቁልፍ ነበር። ሦስት ሰዎች ይዘውት፣ አንዳቸውም ሳያዩት፣ ተመልሶ ገባ።

«ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ የኔታ፣ በሹክሹክታ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱ በጓሳ ሣር ሜዳ በኩል አብረው መንገድ ሄዱ። ጉሙ ሲገለጥ ሜዳው እስከ ገደሉ አፍ ተዘረጋ፤ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እንደ ሰው ቆሟል። ጽናት ሜዳውን ለማየት ቆመች። እሱ የሚያየው እሷን ነበር።

«ሥራሽ ሲያልቅ ትሄጃለሽ?»

«ሥራው እዚህ ብቻ አይደለም። መርሐቤቴና ግሼ ያሉ አድባራትም ጠይቀዋል።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ሥራው አልነበረም።»

ፈገግ አለች። «እሱንማ ዓለም ከተማ ሽማግሌ ልከህ ጠይቅ።»

ላከ። ከፋሲካ በኋላ በተክሊል ተጋቡ፤ ቀየት ላይም ቤት ተከራዩ። በሠርጉ ቀን አክሊሉን በራሱ ላይ የደፉለት ቄስ አፈወርቅ ነበሩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ።

«በአባትህ ላይ ባሰብኩት ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

አትናቴዎስ እጃቸውን ሳመ። ጽናት የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ግን ፊቱን አይታ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስኪወጡም አልለቀቀችውም።