ሙሐብ ሰባት ቀን የሞላው ዕለት

ከሰባቱ የማሞቂያ ሳጥኖች ስድስቱ ተይዘዋል። ከስድስቱም ጨቅላዎች አፍንጫ አንድ ዓይነት ስስ የወተት ቱቦ ይወጣል። በቱቦዎቹ ካርቶን ላይ «ፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካል የለውም» ተብሎ ተጽፏል። የአሌክሳንድርያው ሆስፒታል ነርሶች የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

ራውያ ነርስ መስላ የገባች የመድኃኒት ቁጥጥር ሰላይ ናት። የምስጢር ስሟ «ወንፊት»። ከስድስቱ አንዱ ከሆነው ከሙሐብ አፍንጫ የተነቀለ አሮጌ ቱቦ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ አሽጋ ኪሷ ከታለች። ወተቱ ከፕላስቲኩ ኬሚካል እየሳበ ወደ ሕፃኑ ሆድ ያወርዳል። ያላት ማስረጃ ይህ አሮጌ ቱቦ ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ የሙሐብ ሰባተኛ ቀን፣ እንደ ግብፆች ልማድ፣ በሙቀጫ ድለቃ ይከበራል። ልጁ ከመስታወቱ ወዲያ ነው፤ አክስቱ ግን የነሐሱን ሙቀጫ ትደልቃለች።

«ሙሐብ! እናትህን ስማ! አባትህን አትስማ!»

«ኧረ ቀስ፣ አንቺ ሴት! ሬሳ ክፍሉን ትቀሰቅሽዋለሽ!» አለ አባትየው።

የራውያ አለቃ በህጋት የድግሱን ለውዝ የሚያድል ነጋዴ መስሎ መጥቷል። ተጠጋትና ባዶ ፌስታል ዘረጋላት።

«ሲስተር፣ ድርሻሽን እንቺ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብልቃጡ በር ላይ ያስይዝሻል። ቱቦውን አውጥተሽ እዚህ ጨምሪው።»

ፌስታል።

ፕላስቲክ የነካው ናሙና ዋጋ የለውም፤ ኬሚካሉ ከፌስታሉ የመጣ ነው ይባላል። ይህን ያስተማራት ራሱ በህጋት ነው።

አለቃዋ ለቱቦው ሻጮች ተሸጧል።

«እሺ፣ ጋሼ።» ከሌላው ኪሷ ያልተነካ የዚያው ዓይነት ቱቦ አውጥታ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችለት። በህጋት ፈገግ አለ። እንዲፈትሻት ዘበኛውን በዓይኑ ጠቀሰው።

ራውያ ወደ ልጁ እናት ወደ ኢንሺራሕ ዞረች። ድለቃው አብቅቶ ሙቀጫውን ታቅፋዋለች። ብልቃጡን በፋሻ ጠቅልላ ሙቀጫው ውስጥ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ይህን ራስሽ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ለዶክተር ሰሚሓ አድርሺልኝ። የልጅሽ ቱቦ ነው። ኬሚካል አለበት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አሁኑኑ ንቀይለት!»

«ሌላ ዓይነት ቱቦ የለም። ያለሱ ደግሞ አይበላም።»

«አንቺም ነርስ ተብለሽ!»

ዘበኛው የራውያን ክንድ ያዘ። ኪሶቿን ገለበጠ። ባዶ። ኢንሺራሕ ሙቀጫውን እንዳቀፈች፣ እያለቀሰች በጎኑ አለፈች።

የሰባተኛ ቀን ሙቀጫ ማንም አይፈትሽም።

ራውያ ከሥራዋ ተባረረች። አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም የሆስፒታል አንሶላ ታጥፋለች። ኢንሺራሕ የምታስታውሰው ቱቦውን አልነቅልም ያለችውን ሴት ነው።

ዶክተር ሰሚሓ ቱቦውን መረመረችው፤ ከክብደቱ ሠላሳ ስምንት በመቶው ማለስለሻ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። የክፍሉ ቱቦዎች በሙሉ ተቀየሩ፤ ሙሐብ ከሆስፒታል በወጣ ማግሥት።