ጀርባዋ ላይ የተኛው

ይህ ፈጠራ አይደለም... የነገረችኝ አመለወርቅ ራሷ ናት። አመለወርቅን የሚያውቅ ደግሞ ለወሬ የሚሆን አፍ እንደሌላት ያውቃል።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት።

ቦታው እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ራሞት ሰፈር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ መንገድ ላይ ሰው የለም።

አመለወርቅ ልጅ የምትጠብቀው ሺረል የምትባል ወጣት እናት ቤት ነበር። የሺረል ወላጆች ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው። ልጇ ኤይታን ሰባት ወሩ ነው።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው። ሕፃኑ የሚተኛው ማማድ ውስጥ ነው፤ ሮኬት ሲተኮስ የሚሸሸጉበት፣ ግንቡ ወፍራም፣ የመስኮቱ መዝጊያ ብረት የሆነ ክፍል። ቢያለቅስም ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይገባም። ብቻውን መተኛት እንዲለምድ ነው።

ከእሷ በፊት የነበሩት ሦስት ሞግዚቶች አልቻሉም። ሃያ ደቂቃው ሳይሞላ ይገባሉ።

አመለወርቅ ቻለች።

«እማማ፣ እርስዎ አሉፋ ነዎት! ጎበዝ!» ትላታለች ሺረል።

ጉብዝና አልነበረም። ልቧ ደንዝዞ ነው።

ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ በምትጠብቅበት ዘመን፣ የበኩር ልጇ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝም አለ። «ተመስገን፣ ተኛልኝ» ብላ እሷም ጎኗን አሳረፈች።

አልተኛም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሕፃን ለቅሶ እንደ ዝናብ ነው የምትሰማው። ይዘንባል... ያባራል... በቃ።

የሚያስፈራት ዝምታው ነው።

ያን ማክሰኞ ኤይታን አሥራ ሁለት ደቂቃ አለቀሰ። ከዚያ በአንድ ጊዜ... ጸጥ አለ።

ጡጦ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘግታ አዳመጠች።

ምንም...

ሕጉን ጥሳ ገባች።

ማማዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እንዳይባንን ብላ መብራት አላበራችም። በዳበሳ ስትሄድ እግሯ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎንበስ አለች።

ልጅ ነው... ወለሉ ላይ።

«ወድቆብኝ ነው!» ብላ አፈፍ አደረገችው። ይተነፍሳል። እንደ አገሯ ልማድ በነጠላዋ አዘለችው፣ አጥብቃ አሰረችው፣ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ቀዝቀዝ ብሏል። ከበድም ብሏል።

ደግሞ... አናቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

እዚህ ቤት የሕፃን አናት ቅቤ የሚቀባ ማንም የለም።

ይህን እያሰበች ሳለ ከማማዱ ለቅሶ ተሰማ።

የኤይታን ለቅሶ።

ስልኳ ጠራ። ሺረል ናት። ሺረል ከመሥሪያ ቤቷ ሆና ልጇን በካሜራ ታየዋለች፤ ካሜራው በጨለማም ያያል።

«እማማ... ለምን ገቡ?»

«ወድቆ...» አለች አመለወርቅ በሹክሹክታ።

«ማን? ኤይታን አልጋው ውስጥ ነው። እያየሁት ነው።»

አመለወርቅ ወደ ማማዱ በር ዞረች።

«እማማ... ከወለሉ ላይ ያነሱት ምንድን ነው?»

አመለወርቅ እጇን ወደ ኋላ ላከች። ትንሽ እግር ጨበጠች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክር ታስሯል። ጣቶቿ ክሩን አወቁት፤ ጎንደር ሳለች የገመደችው ራሷ ናት።

አልጮኸችም። «መጮህ ነበረብኝ፣ ግን ምንም አልተሰማኝም» ነው ያለችኝ።

ማማዱን ከፍታ መብራት አበራች። ኤይታን ፊቱ ቀልቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶላታል።

ልታነሳው ጎንበስ ስትል... ጀርባዋ ላይ ያለው መንሰቅሰቅ ጀመረ።

ቀና አለች። ዝም አለ።

ደግማ ጎንበስ አለች። ተንሰቀሰቀ... በዚያው በሦስቱ ቀን ድምፅ።

ኤይታንን አየችው። ነጠላውን አጠበቀች። መብራቱን አጠፋች፣ በሩን ዘጋች።

ሃያ ደቂቃው ገና አልሞላም ነበር።

ሺረል በርራ ስትደርስ ኤይታን ድምፁ ተዘግቶ ነበር የሚያለቅሰው። አመለወርቅ በዚያው ቀን ከሥራ ወጣች።

ይህን የነገረችኝ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ የምትኖርበት ሕንፃ ሥር ቁጭ ብለን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበሩን አልተደገፈችም።

ደንግጬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

«እሽሽ... ቀስ ብለሽ። አሁን ገና ተኛልኝ።»

ነጠላዋ ከትከሻዋ በታች በቅቤ ርሷል።