የማያለቅሰው ሕፃን

መርማሪዋ ደወሉን ብትጫን ብትጫን ድምፅ የለም። አንኳኩታ ስትገባ ከበሩ በላይ ያለው ደወል በጨርቅ ተጠቅልሎ አየች።

«ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ቀን ነው የሚተኛው» አሉ በር የከፈቱት የሟቹ ሕፃን ሴት አያት፣ በሹክሹክታ። ከዚያም ምራታቸውን በአገጫቸው ጠቆሙ። «አፍና ገደለችው። አልወደደችውም።»

ሕፃኑ ገና ሳምንቱ ነበር። መርማሪዋ መጋረጃውን ከፍታ አየችው። የመታፈን ምልክት የለም። ቆዳው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ የታሰረለት የሽንት ጨርቅም ደረቅ ነው።

እናትየው ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ርሷል።

«ያለቅስ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! ጎረቤቱ ሁሉ ‹ታድለሽ› ነበር የሚለኝ።» እንባዋን ዋጠች። «ግን አያየኝም። ሳጫውተው ዓይኑ ይከደናል። የጠላኝ መሰለኝ።»

«ቀስ በይ!» አሉ አያቲቱ ከበሩ።

«ሐኪም ቤት ደውለሽ አልጠየቅሽም?»

«ስልኬ እማማ ጋ ነው፤ እንዳይጮህ።»

መርማሪዋ ሕፃኑ የተወለደበትን ሐኪም ቤት ነርስ አስጠራች፤ አባትየውንም አስቀሰቀሰች። ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ጋጋሪው ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ ነው።

«ቢጫነቱ ቀላል ነበር» አለች ነርሷ። «ብዙ ሕፃናት ላይ ይታያል፤ በራሱ አይገድልም። ግን ያደክማቸዋል። ያንቀላፋሉ፣ አያለቅሱም፣ ፊት ለፊት አያዩም። ‹ሳትሰለቺ እየቀሰቀስሽ ጡት ስጪው› ብዬ ለእናትየው በስልክ ነግሬያታለሁ።»

«ለእኔ?» አለች እናትየው።

«በሹክሹክታ ‹እሺ› ብለሽኛል።»

መርማሪዋ ወደ አያቲቱ ዞረች። «ስልኩ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው። እዚህ ቤት ሬሳ አጠገብ እንኳ የሚያንሾካሹኩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማንም አላፈነውም። ጡት ሳያገኝ በረሃብና በጥም ሞተ። መልእክቱን ለምን ደበቁ?»

«ከቀሰቀስነው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ልጄ ይነቃል። ሲርበው ራሱ ይነሳል ብዬ...»

«እኔም ቀስቅሼ ላጥባው ስል ከለከሉኝ» አለች እናትየው። ወደ መርማሪዋ ቀና አለች። «ታዲያ አልጠላኝም ነበር?»

«አቅም አጥቶ ነው።»

ጋጋሪው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አያቲቱ ተጠግተው ጆሮው ሥር የሆነ ነገር አንሾካሾኩ።

«ጮክ ብለው ይናገሩ፣ እማማ» አለች ምራቲቱ። «ከእንግዲህ የሚቀሰቀስ የለም።»