በቀትር የወጡ ከዋክብት

በሰምራድ ምድር፣ ፀሐይ እኩለ ሰማይ ላይ ሳለች፣ ከዋክብት ወጡ። ሰማዩ ጠቆረ፤ ፀሐይ በጥቁሩ መካከል ብቻዋን ስትነድ፣ ከዋክብቱ ዙሪያዋን ፈሰሱ። አንዳቸውም አይርገበገቡም። ሕዝቡ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወይ ጉድ! ይህን ቀን ሲለምኑ የኖሩት እኮ እነሱው ናቸው። የሰምራድ ሰው ኮከብን የሙታን ነፍስ ነው ይል ነበር፤ መርገብገቡንም «በርዷቸው ነው» ብሎ፣ ሲመሽ ለሞተ ዘመዱ ደጅ ላይ ጋቢ ያነጥፋል። ንግሥት ሳሌማ ባረፉ ጊዜ ንጉሥ ወርዘል የቤተ መንግሥቱን ብርድ ልብስ በሙሉ ሰገነት ላይ አስዘረጉ። ሰማያዊዋ የንግሥቲቱ ኮከብ ግን መንቀጥቀጧን አልተወችም። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ «የሚያበርዳት ነፋስ ነው፤ ነፋስ የሚውጠው ጉምዛር ይቀስቀስ» ብለው መከሩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። ጥንት አባቶች በነሐስ መለከት ያስተኙትን አውሬ፣ በአርማት ተራራ ራስ ላይ በከበሮ ቀሰቀሱት።

ጉምዛር ነፋሱን ውጦ ሲጨርስ አየሩን ተያያዘው። ሰው ቀስ በቀስ ደነዘዘ፤ ሣቁም ቁጣውም ጠፋው። ሽማግሌዎች በየቤቱ ሞቱ፤ ቀባሪ ነበረ፣ አልቃሽ ግን አልነበረም።

ኢልፋ የቤተ መንግሥቱ መለከት ነፊ ነበረች፤ ከአራስ ቤት ከወጣች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። በዚያ ቀትር ልጇን ቶራን ብታቅፈው ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ አይወጣውም። መደንገጥ እንደነበረባት ታውቃለች፤ አልደነገጠችም። ለጎረቤቷ ለወይዘሮ ምንዳሪት አስታቅፋ ወደ አጎቷ ወደ መምህር ሐዋዝ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልጄ እየሞተ ነው መሰለኝ» አለች። «ምንም አልተሰማኝም።»

መምህር ሐዋዝ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰማይ ሲመለከቱ የኖሩ ሰው ናቸው። «አየሩ ነዋ!» አሉ። «ከዋክብት ቀንም ቢሆን እዚያው ናቸው፤ የሚሸፍናቸው የአየራችን ብርሃን ነበር። አሁን የታዩን አየሩ እያለቀ ስለሆነ ነው።»

«ብርዱስ?»

«የምን ብርድ! ኮከብ ማለት ፀሐይ ነው፤ ያሳነሰው ርቀቱ ነው። የሚርገበገበው ብርሃኑ በአየራችን ሲያልፍ ነው። ከእሳት ማዶ የቆመ ሰው ሲወዛወዝ አላየሽም? ሰውየው በርዶት ነው? ይህን ለንጉሡ ብነግራቸው፣ ጃጅቷል ተብዬ ተባረርኩ።»

ሁለቱም ንጉሡ ፊት ቀረቡ። ኢልፋ እጇን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ «በልጄ እስትንፋስ እምላለሁ! የነሐሱን መለከት በጉምዛር ጆሮ ሳልነፋ ወደዚህ ከተማ አልመለስም!» አለች። ምድር የሚያናውጥ መሐላ ነው፤ እሷ ግን የተዋሰችውን ወንፊት እንደምትመልስ ሴት ነበር ያለችው።

ንጉሥ ወርዘል መለከቱን ከግድግዳው አውርደው ሰጧት። «ብትመለሺም ባትመለሺም ለእኔ ያው ነው» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እውነታቸውን ነው።

ኢልፋና መምህሩ ከከተማው ሥር ካለው ጥልቅ ዋሻ የቀረውን አየር በሁለት ስልቻ ሞልተው ወጡ። በአርማት ዳገት ላይ ጥቂት ይሄዳሉ፣ ከስልቻው ይምጋሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። መምህሩ ግን በዚያም ላይ ማስተማራቸውን አልተዉም።

«ያንን ቀዩን ትኩስ እንዳይመስልሽ፤ ከጓደኞቹ የቀዘቀዘው እሱ ነው። አንጥረኛ ቤት ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲብስበት ይነጣል። ሰማያዊዋ የንግሥቲቱማ በሙቀት ከፀሐያችን ትበልጣለች። እነሱም ከጉምና ከአቧራ ይወለዳሉ፣ ያላቸውን አንድደው ይሞታሉ።»

ኢልፋ ሰማች። ነገሩ የሚያምር እንደሆነ ገባት፤ ልቧ ግን አልተነሣም።

ጫፉ አጠገብ ሲደርሱ የእሷ ስልቻ ባዶ ሆነ። መምህር ሐዋዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ዘረጉላት።

«እርስዎስ?»

«እኔ አየር የምፈልገው ለወሬ ነው፤ አንቺ ግን የምትነፊው አለሽ። በይ ሂጂ፣ ዛሬ ትምህርት የለም።»

ተቀበለቻቸው። ማመስገን እንዳለባት ዘነጋች። ድንጋዩን ተደግፈው ደረታቸው እስኪቆም ቆማ አየች፤ ከዚያ ወጣች። እግዚኦ፣ እንዲህ ያለ አጎት ጥሎ መሄድ! እሷ ግን ሄደች።

ጉምዛር ተራራውን እንደ ገብስ ነዶ ታቅፎት ተኝቷል። ዓይን የለውም፤ ፊቱ ሁሉ አፍ ነው፣ አየሩም ያለ ድምፅ ይገባበታል። ከሩቅ ቢነፋ መለከቱ እንደማይሰማ አወቀች፤ ድምፅ የሚሸከም አየር የለማ። ስለዚህ በጥፍሮቹ መካከል ተሳበች፣ ጠጉራሙን አንገቱን ወጣች፣ ጆሮው ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። በስልቻው የቀረውን የአጎቷን አየር በሙሉ ስባ መለከቱን ነፋች።

አውሬው ተንቀጠቀጠ። አፉ ተከፈተ፣ የዋጠውም ነፋስ በሙሉ እየጮኸ ወጣ። ኢልፋን አሽቀንጥሮ ከዐለት ጋር አላተማት። ጉምዛር አንቀላፋ፤ ሰማዩ ከጠርዙ ጀምሮ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዋክብቱም ደብዛዛዎቹ ቀድመው አንድ በአንድ ጠፉ።

ተጋድማ ተነፈሰች። ደግማ ተነፈሰች። ያን ጊዜ ከሆዷ ውስጥ «ጋሼ!» የሚል ጩኸት ወጣ። ዳገቱን እየተንከባለለች ወረደች። ነፋሱ የመምህሩን ሽበት ያንቀሳቅሳል፤ ደረታቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ደረቷን እየመታች አለቀሰች።

ወደ ከተማው ስትቃረብ ለቅሶው ከቅጥሩ ውጭ ተሰማት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተቀበረው ሰው አሁን እየተለቀሰለት ነው፤ በየደጁ ሙሾ ይወርዳል፣ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይታወቅም። ንጉሥ ወርዘል በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«የሳሌማ ኮከብ ማታ ስትወጣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች?» አሉ።

«ትንቀጠቀጣለች፣ ንጉሥ ሆይ። ግን አይበርዳትም። ፀሐይ ናት።»

«ሐዋዝ ነግሮኝ ነበር እኮ» አሉ ንጉሡ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው። «ነግሮኝ ነበር።»

ኢልፋ አልፋቸው ወደ ቤቷ ሮጠች። ቶራ በወይዘሮ ምንዳሪት ክንድ ላይ ይወራጫል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አደነቆረኝ! ያዢውና ዝም አሰኚው» አሉ ወይዘሮ ምንዳሪት።

ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እሷም አብራው ታለቅሳለች።

«ይተዉት» አለች። «ይጩህ።»